ቀርቦ ማየትና አቅርቦ ማየት

(ስለ አማተር ፎቶግራፍ አንሺው የመጀመሪያ ዙም ሌንስ)

ካሜራ ገዝቶ አንድ ዓመት ያህል የሠራበት አማተር ፎቶግራፍ አንሺ ውሎ አድሮ ከአንድ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ አልበቃው ይላል። በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ታቦት ተሸክመው ያለፉት ካህን በፎቶግራፉ ላይ ከጥፍር አንሰው ይታዩታል፤ ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ያረፈችው ወፍ ነጥብ ሆና ትቀራለች፤ በገበያ ዳር ቆሎ የሚሸጡት እናት ፊት፣ ያ የስንት ዘመን ድካም የተጻፈበት ፊት፣ በሕዝቡ መካከል ይጠፋበታል። ስለዚህ ከደመወዙ እየቆነጠረ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ከሱቅ ይገባል። ከባንኮኒው ላይ ሁለት ዙም ሌንሶች ይቀርቡለታል፤ አንደኛው አጭርና ሰፊ ቦታ የሚያይ፣ ሁለተኛው ረጅምና ሩቅ ተመልካች ነው። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የትኛውን ይምረጥ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የኪስና የዕቃ ጥያቄ ነው። ሻጩ ስለ ዋጋው፣ ባልንጀራው ስለ ጥራቱ፣ መጽሐፉ ስለ ብርሃን ይነግሩታል። ስለ አንድ ነገር ግን የሚነግረው አያገኝም፤ ይኸውም ሌንስ የሚመርጥ ሰው ከሚያነሣው ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚቆምም አብሮ የሚመርጥ መሆኑን ነው። ርቀት ደግሞ በሜትር ብቻ የሚለካ ነገር አይደለም። በሰውና በሰው መካከል ያለ ርቀት የመተዋወቅና የመፈራራት፣ የመከባበርና የመናናቅ መለኪያም ነው። በመሆኑም የዚህ አማተር ፎቶግራፍ አንሺ ጥያቄ፣ እርሱ ባያውቀውም፣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሰውን ሳይቀርቡ አቅርቦ ማየት ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ መቼና በምን ሁኔታ?

ወደዚህ ጥያቄ ከመግባት አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመሣሪያውን ጠባይ ሳያውቁ በአጠቃቀሙ ላይ መፍረድ ጭፍንነት ነውና። ሌንስ የሚታወቀው በሚሊሜትር በሚለካው የትኩረት ርቀቱ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያየው ቦታ እየጠበበ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ያለው ነገር እየጎላ ይሄዳል። 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነው በተለመደው የፊልም ስፋት ላይ፣ ባለ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 75 ዲግሪ ያህል ማእዘን ያያል። ባለ 50ው 47፣ ባለ 200ው 12፣ ባለ 300ው ደግሞ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ያያል። በብዙዎቹ የአማተር ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ያለው የብርሃን መቀበያ ከፊልሙ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሌንሱ የሚያየውን ስፋት ከፊልሙ ጋር ለማነጻጸር ቁጥሩን በ1.5 ወይም በ1.6 ማባዛት ያስፈልጋል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው ከ18 እስከ 55 የሚደርስ ሌንስ፣ በ1.5 ሲባዛ፣ በፊልም ዘመን አቆጣጠር ከ27 እስከ 82 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው።

ዙም ሌንስ የሚባለው እንግዲህ ይህን የትኩረት ርቀት በአንድ ቀለበት መዞር የሚለዋውጠው ነው። ለ35 ሚሊሜትር ፎቶግራፍ ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው ዙም ሌንስ፣ በጀርመኑ ፎይክትሌንደር ኩባንያ ስም እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣውና ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር የሚደርሰው ዙማር ነበር። ነዳፊው በቪየና ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ባክ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ አንሺ የሚያየው ቦታ እንዲሰፋለት ወይም እንዲጠብለት ሲያሻው ወይ ሌንሱን ፈትቶ በሌላ ይተካ፣ ወይ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዙም ሌንስ ሁለቱንም ድካም አቃለለ። ነገር ግን በእግር ከመሄዱ ጋር አብሮ የቀረ ሌላ ነገር የለምን?

ከባንኮኒው ላይ ካሉት ሌንሶች አጭሩ ከ24 እስከ 70፣ ረጅሙ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርሱ ናቸው ይባል። እያንዳንዱ የራሱ ፀጋና የራሱ ዕዳ አለው። ርካሹ ረጅም ሌንስ ወደ 300 ሲዘረጋ የብርሃን መግቢያው ጠብቦ አብዛኛውን ጊዜ 5.6 ላይ ይቆማል፤ ይህም 2.8 ከሚያስገባው ብርሃን ሩቡን ብቻ ያስገባል ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥና በጎጆ ጥላ ሥር ይቸገራል። የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። በ300 ሚሊሜትር በእጅ ይዞ ለማንሣት ቢያንስ በሰኮንድ አንድ ሦስት መቶኛ ፍጥነት ያስፈልጋል የሚለው የቆየ ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። የዛሬዎቹ ሌንሶች መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ሥልት ቢኖራቸውም፣ የሚነሣው ሰው ራሱ ሲንቀሳቀስ ሊያስቆሙት አይችሉም። ከዳር እስከ ዳር 2.8 የሚሰጠው አጭር ሌንስ በበኩሉ ይከብዳል፤ ዋጋውም ይንራል። ከ18 እስከ 200 ሁሉን እሠራለሁ የሚለው ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ ለመንገደኛ ቢመችም በአንዱም ጫፍ የተዋጣለት አይደለም። በሌላው አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ረጅም ሌንስ አይቶ ለሚጎመጅ ሁሉ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው የአበው ተረት ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት አንድ መልካም ምክር አለ። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በስንት ሚሊሜትር እንደ ተነሣ መዝግቦ ያስቀምጣል። እንግዲህ ጀማሪው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የዓመቱን ሥራ ዘርግቶ ይህን ቁጥር ይመልከት ይላሉ። አብዛኛው በ18 አካባቢ ተነሥቶ ከሆነ የጎደለው ስፋት ነው፤ አብዛኛው በ55 ላይ ተነሥቶ ከሆነ የጎደለው ርዝመት ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ እርምጃ ይቀረዋል። ፎቶግራፎቹ በ55 ላይ የተነሡበት ምክንያት ሁለት ሊሆን ይችላልና። ወፏ ሰው ሲቀርባት ትበራለች፤ ተዋናዩ ከመድረክ ላይ ነው፤ ገደሉ አያሻግርም። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን በመካከል ገደል ሳይኖር ፎቶግራፍ አንሺው ቆሎ ሻጯን እናት ቀርቦ ማነጋገር መፍራቱ ነው። በመጀመሪያው ምክንያት ያጠረው ሌንሱ ነው። በሁለተኛው ያጠረው እግሩ ነው፤ እግር ያጠረበትን ደግሞ ሌንስ አያስረዝምለትም።

ለምን አያስረዝምለትም? መልሱ ከሥነ ምግባር በፊት ከብርሃን ሕግ ይገኛል። ብዙ ሰው ረጅም ሌንስ የሩቁን ያቀርባል ብሎ ያምናል። ሌንሱ ግን ያጎላል እንጂ አያቀርብም። በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ባሉ ነገሮች መካከል የሚታየው የመጠን ዝምድና፣ ማለትም የፊተኛው ከኋለኛው ምን ያህል ገዝፎ እንደሚታይ፣ የሚወሰነው ካሜራው በቆመበት ቦታ ነው። ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ ቀለበቱን ከ24 እስከ 300 ቢያዞሩት፣ የዚያው የአንዱ ትርኢት ጠርዝ እየተቆረጠ መሐሉ ይጎላል እንጂ ዝምድናው እንዳለ ይኖራል። ዝምድናው የሚለወጠው ሰው ከቦታው ሲነሣ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቆሎ ሻጯ እናት ከተቀመጡበት በስተጀርባ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሌሎች ነጋዴዎች አሉ። ፎቶግራፍ አንሺው በ28 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 2 ሜትር ድረስ ቀርቦ ቢያነሣ፣ ከኋላ ያሉት ነጋዴዎች ከእርሱ 12 ሜትር ስለሚርቁ በፎቶግራፉ ላይ የእናቲቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ሆነው ይታያሉ። እናቲቱ የፎቶግራፉ ባለቤት ናቸው፤ ገበያውም በዙሪያቸው ነው። የእናቲቱን መጠን እንደዚያው አድርጎ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ለማንሣት ግን 14 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ያን ጊዜ ከኋላ ያሉት 24 ሜትር ስለሚርቁ ከእናቲቱ መጠን ከግማሽ በላይ ሆነው በጀርባቸው ላይ ይከመራሉ። መልካቸው ያው ነው፤ ቆሎው ያው ነው፤ ቀኑም ያው ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንድ ሰው በገበያ ውስጥ ይታያል፤ በሁለተኛው ገበያው አንድን ሰው ውጦ ይታያል። ሁለቱም ከቆሙበት ቦታ የታዩ እውነቶች ናቸው። ስለዚህ ከሌንስ ምርጫ የሚቀድም አንድ ምርጫ አለ፤ እርሱም የመቆሚያ ቦታ ምርጫ ነው።

ይህ የብርሃን ሕግ ሰውን እስከ ማስወቀስ ሊደርስ እንደሚችል የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት በ2020 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በየአገሩ በሰልፍና በመናፈሻ ተጠጋግተው የሚታዩ ሰዎች ፎቶግራፍ በጋዜጣ ይወጣ፣ አንባቢውም «ርቀታቸውን አልጠበቁም» እያለ ይወቅሳቸው ነበር። በዴንማርክ ግን የዜና ፎቶግራፍ አንሺዎች እነዚያኑ ሰዎች አንድ ጊዜ ከሩቅ በረጅም ሌንስ፣ አንድ ጊዜ ከቅርብ በሰፊ ሌንስ አንሥተው፣ በአንደኛው ላይ የተደራረቡ የሚመስሉት በሌላው ላይ ተራርቀው የቆሙ መሆናቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ማንም ፎቶግራፉን አልነካካውም፤ ማንም አልዋሸም። የቆሙበት ቦታ ብቻ ለፍርድ በቃ።

እንግዲህ የመቆሚያ ቦታ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ በዚያ ቦታ ላይ ስለሚቆመው ሰው ግዴታ መነጋገር ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ባህል ሰው ከሰው ደጅ ሲደርስ ዝም ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ይህች አንዲት ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ባለቤቱ ነጠላውን እንዲያስተካክል፣ የተዝረከረከውን እንዲያነሣ፣ እንግዳ ለመቀበል ካልተመቸውም ይህንኑ እንዲናገር ጊዜ ትሰጠዋለች። በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ቃሊቱ አትቀርም፤ የበሩ መከፈት ለዐይን ያለ ልክ ፈቃድ አይሰጥምና። ፊትም እንደ ቤት ባለቤት አለው። በገበያ መካከል ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ሆኖም ባለቤቱ ያዘነበት፣ ያፈረበት፣ የደከመበት ጓዳ ከዚያው ነው። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ከ14 ሜትር ርቀት ከአንዲት እናት ጓዳ ሲገባ «ቤቶች!» አላለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ። መንገድ የሁሉም ነው፤ በአደባባይ የወጣን ፊት ማየት የተከለከለ አይደለም ይባላል። በአሜሪካ ይህ ክርክር ከፍርድ ቤት ደርሷል። ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሺያ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ የሚያልፉ መንገደኞችን ሳያውቁት ከርቀት በረጅም ሌንስ አነሣ፤ ምስሎቹንም ለትርኢትና ለሽያጭ አቀረበ። ከተነሡት አንዱ ምስሉ ያለ ፈቃዱ መውጣቱ ከሃይማኖቱ ጋር እንደሚጋጭ ገልጾ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሥራው ኪነ ጥበብ ነው በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። ውሳኔው ፎቶግራፍ አንሺ ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል። ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን የፍርድ ቤት ሥራ ስላልሆነ አልተናገረም። ሌላው ቢቀር ያ ሰው የፊቱን ምስል ያገኘው ከመሸጡ በፊት ተጠይቆ ሳይሆን ከተሸጠ በኋላ መሆኑ በሕግ ነፃነት የሚሰረዝ ነገር አይደለም።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በረጅም ሌንስ ላይ መጫን ስሕተት ነው። ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር መንገደኞችን ያነሣው ካሜራውን ከካፖርቱ ሥር ደብቆ ነበር። ተነሺዎቹ የተቀመጡት ከፊት ለፊቱ ሲሆን፣ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከአንድ ፉርጎ ወርድ አይበልጥም ነበር። ፎቶግራፎቹን በመጽሐፍ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በሜትር ቢለካ ኢቫንስ ቅርብ ነበር፤ ካፖርቱ ግን ከየትኛውም ረጅም ሌንስ የበለጠ አርቆታል።

ዶሮቲያ ላንግ ደግሞ አልተደበቀችም። በማርች 1936 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ቦታ ከድንኳን ሥር ከልጆችዋ ጋር የተቀመጠችውን ሴት እየተጠጋች ደጋግማ አነሣቻት። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ሲወጣ ለሰፈሩ የምግብ እርዳታ ተላከ፤ ሴትዮዋ ግን ያን ጊዜ ልጆችዋን ይዛ ከሰፈሩ ሄዳ ነበር። ዓለም ምስሉን «ስደተኛዋ እናት» በሚል ስም ያውቀዋል። ላንግ ራስዋ ከዓመታት በኋላ እንደ ተናገረችው የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ሴትዮዋ ማንነትዋ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲታወቅ፣ ከፎቶግራፉ አንዳች እንዳልተጠቀመች፣ ባትነሣም ትመርጥ እንደ ነበር በቅሬታ ገለጸች። እንግዲህ ርቆ ተደብቆ ማንሣት አለ፤ ቀርቦ ተደብቆ ማንሣትም አለ፤ ቀርቦ በግልጽ እያነሡ ስም አለመጠየቅም አለ። በሦስቱም ዘንድ የጎደለችው ያቺው የደጅ ቃል ናት።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1984) ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረኀብ ፊልም በእንግሊዝ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ፤ ብዙ እርዳታ እንዲሰበሰብም ምክንያት ሆነ። ያ ፊልም ባይነሣ ይሻል ነበር የሚል ሰው ሊኖር አይገባም፤ የሕይወት መዳን ከሁሉ ይቀድማልና። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በውጭ አገር ኢትዮጵያ ሲባል በብዙዎች ሐሳብ የሚመጣው ስም የሌለው የተራበ ፊት ነበር። በፊልሙ ላይ የታዩት ሰዎች ግን ስምና ቀዬ ያላቸው፣ ዘርተው ያጨዱ፣ ልጅ ድረው የሸኙ፣ በማኅበርና በዕድር የተከበሩ ገበሬዎች ነበሩ። ሌንሱ የያዘው የዚያን ቀናቸውን ብቻ ነው። አስቸኳይ ችግር ፈቃድ የመጠየቂያ ጊዜ ላይሰጥ ይችላል፤ ዕዳውን ግን አይሰርዝም። ዕዳውም የተነሣው ሰው ከችግሩ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ሙሉ ሰው መሆኑን ማሰብና ማሳሰብ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከኪነ ጥበብ ወገን የሚመጣ ሲሆን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰው መነሣቱን ካወቀ ፊቱን ያስተካክላል፤ ትከሻውን ያቃናል፤ ያን ጊዜ እውነቱ ይሸሻል ይላል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ቲያትር የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። ተዋናይ ለመታየት ተስማምቶ ከመድረክ ይወጣል። ተመልካቹ በጨለማ ተቀምጦ ሲያለቅስ ማየቱ ነውር የማይሆነው ስለዚህ ነው። ቆሎ ሻጯ እናት ግን ከመድረክ አልወጡም፤ መጋረጃ እንደ ተከፈተባቸውም አላወቁም። በእርሳቸው ፊት ላይ ያለውን ኀዘን እንደ ትርኢት የሚመለከት ሰው፣ ተዋናዩ ባልተስማማበት ቲያትር ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚህም በላይ የተስተካከለ ፊት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። የአርመን ተወላጆቹ የቦያጂያን ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ ያነሧቸውን፣ ኋላም በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ያነሧቸውን ምስሎች አንባቢ ያስታውስ። ሰውየው ካባውን ደርቦ፣ ሴትዮዋ ጥልፍ ቀሚስዋን ለብሳ፣ ልጁ የወንበር መደገፊያ ይዞ፣ ሁሉም ሌንሱን ፊት ለፊት ያዩታል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ የተሰቀሉት እነዚህ ምስሎች ሰው እንዴት መታየት እንደሚሻ ይናገራሉ። ሰው እንዴት መታየት እንደሚሻ ደግሞ ስለ እርሱ ከሚነገረው እውነት አንዱ ክፍል ነው። ደግሞም ፈቃድ ጠይቆ የተቀመጠ ሰው ትዕግሥት ካለው፣ የተስተካከለው ፊት ብዙ አይቆይም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደንበኛ ይመጣል፤ ቆሎው ይሰፈራል፤ በዋጋው ክርክር ይነሣል፤ ካሜራውም ይረሳል። ያን ጊዜ የሚገኘው ፊት ከ14 ሜትር ርቀት ከሚሰረቀው በእውነተኛነቱ አያንስም፤ በላዩ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስጦታ ነው።

ይህ ሲባል ርቀት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በሰሜን ተራሮች ጭላዳንና ዋልያን፣ በባሌ ቀይ ቀበሮን የሚያነሣ ሰው መራቁ ግዴታው ነው፤ በቅርበቱ ከግጦሽ ወይም ከግልገል የሚያባርራቸው ከሆነ ፎቶግራፉ ዋጋ የለውም። በጎጆዋ ላይ ያለችን ወፍ ከሩቅ ማንሣት ምሕረት ነው። በቲያትር አዳራሽ ከመድረኩ ሥር ተደፍቶ ካሜራውን ከሚያንቋቋ ሰው ከኋላ ወንበር በረጅም ሌንስ የሚያነሣው ይሻላል። በጥምቀት ዕለት በካህናቱ መንገድ ላይ እየተጋረጠ ከሚያነሣውም ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ከዚያው የሚያነሣው ሥርዓት ያውቃል። በእነዚህ ሁሉ ሥፍራዎች ርቀት የአክብሮት ምልክት ነው። በለቅሶ ቤት ግን ረጅም ሌንስ ነገሩን አያሻሽለውም፤ እዚያ ጨዋ የሚያደርገው ካሜራውን ከቦርሳው መክተት ነው።

የአክብሮቱን ርቀት ከሽሽቱ ርቀት ለመለየት ቀላል መለኪያ አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ጣቱን በመጫኛው ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት የሚነሣው ሰው ዞሮ ቢያየው ምን ያደርጋል? ካሜራውን ዝቅ አድርጎ እጅ የሚነሣ ከሆነ ርቀቱ የአክብሮት ነው። ሌላ ነገር የሚያነሣ መስሎ ፊቱን የሚያዞር ከሆነ ርቀቱ የሽሽት ነው። ሁለተኛም መለኪያ ይጨመር። ያን ፎቶግራፍ አሳትሞ፣ ወደዚያው ሰው ተመልሶ፣ በእጁ ሊሰጠው ይደፍራልን? የማይደፍረው ከሆነ ፎቶግራፉ ስለ ተነሺው ከሚናገረው ይልቅ ስለ አንሺው ብዙ ይናገራል። ይህ መለኪያ ለአማተር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለሪፖርት ገበሬውን ከማሳው ላይ የሚያነሣ ካድሬ፣ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ተማሪዎቹን የሚያነሣ መምህር፣ ለሥዕሉ መነሻ የሰው ፊት የሚሰበስብ ሠዓሊ፣ ሁሉም የዚህ ጥያቄ ባለዕዳዎች ናቸው። ሕዝብን ማገልገል የሚጀምረው ከሕዝቡ መካከል አንዱን ሰው በስሙ ከመጥራት ነው።

ከዚህ በመነሣት በሱቁ ውስጥ ለቆመው አማተር ፎቶግራፍ አንሺ መልስ መስጠት ይቻላል። ፍላጎቱ አራዊትና አዕዋፍ ወይም መድረክ ከሆነ ረጅሙን ሌንስ ያለ ስጋት ይግዛ። ፍላጎቱ ሰው ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሌንስ አጭሩ ይሁን። አጭሩ በጠባዩ ጨዋ ስለ ሆነ አይደለም፤ የኢቫንስ ካሜራ እንደ መሰከረው ብረትና መስታወት ጨዋነት የላቸውም። አጭሩ የሚመረጠው አስተማሪ ስለ ሆነ ነው። የሰውን ፊት አጉልቶ ማንሣት የሚሻ ሁሉ በአጭር ሌንስ መራመድ አለበት፤ የሚራመድ ሰው ይታያል፤ የታየ ሰው ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታ የሰጠ ሰው ስም ይጠይቃል። ረጅሙ ሌንስ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። ያን ጊዜ በእጁ የሚገባው መቅረብን ተምሮ መራቅን የሚመርጥ ሰው ስለ ሆነ፣ መሣሪያው መሸሸጊያ አይሆንበትም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አማተሩ አዲሱን ሌንስ ይዞ ከዚያው ገበያ ይደርሳል። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቀለበቱን ከ24 ጀምሮ ያዞረዋል፤ 70 ላይ ሲደርስ ቀለበቱ ይቆማል። የእናቲቱ ፊት ገና ትንሽ ነው። የቀረው መንገድ የእግር ነው። መንገዱን ይሻገራል፤ ካሜራውን ከደረቱ ላይ አውርዶ ከፊታቸው ቁጢጥ ይላል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ፎቶግራፍ ላነሣዎት ፈልጌ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?»

«እኔን አሮጊቷን ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ልጄ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። ረጅሙን ሌንስ ይዞ ከማዶ ቢቆም ኖሮ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም ነበር።